አውራ ጣት ወይስ ክንድ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን አይዘነጋውም። በጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፤ ተረኞች ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሂሳቡ በጨዋታ ነው። ይህ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ተማሪዎችም እንግዳ አይደለም። እዚያ ሥራውን የሚሠሩት ሁለት አውራ ጣቶች ናቸው። ታዲያ ጣትን ትቶ ክንድን፣ አልፎም መላ አካልን የሚከታተል መቆጣጠሪያ ለእነዚህ ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች ይስማማቸዋልን?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። በ2010 ሶኒ ሙቭን፣ ማይክሮሶፍት ኪኔክትን አስከተሉ። ይሁን እንጂ የሽያጩ ብዛት ለጥያቄያችን መልስ አይሆንም፤ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ ጌም ነክተው የማያውቁ ቤተሰቦች ነበሩና።

በዊ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው አክስሌሮሜትር ሽምጠጣን፣ ማለትም የፍጥነትን ለውጥ ይለካል። አሠራሩን ለመረዳት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ አውቶቡስ እንሳፈር። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ጀርባችን ከመቀመጫው ይጣበቃል፤ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንገፋለን። በአክስሌሮሜትሩ ውስጥም ከሲሊከን በተሠራ ስፕሪንግ የተያዘች እጅግ ትንሽ ቁስ እንደ ተሳፋሪው ትገፋለች፤ የመገፋቷ መጠንም በኤሌክትሪክ ይነበባል። አሁን ዓይናችንን እንጨፍን። ጀርባችን የተጫነው አውቶቡሱ ፍጥነት ስለጨመረ ነው ወይስ ዳገት ስለጀመረ? መለየት ያዳግተናል። አክስሌሮሜትሩም ብቻውን የመሬትን ስበት ከእጅ ውዝዋዜ ነጥሎ አያውቅም። ኒንቴንዶ በ2009 መሽከርከርን የሚለካ ጋይሮስኮፕ የያዘ ተቀጥላ ያወጣው ይህን ጉድለት ለማቃለል ነበር።

ኪኔክት ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነገር የለውም። የኢንፍራሬድ ጨረር ነጠብጣቦችን ወደ ክፍሉ ይረጭና በካሜራ አይቶ የሰውነትን ርቀት ያሰላል። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ስለሚያነሳ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 33 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያ ክንዱ የቱ፣ እግሩ የቱ እንደሆነ የመለየት ስሌት ይከተላል። አዝራር ግን ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም። በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳስ ለያዘ ተጫዋች ይህች መዘግየት ጎል ናት።

«ዱላ ማወዛወዝ ለእኛ አዲስ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገና ሲደርስ ከግሽ ዓባይ እስከ ቡሬ ባሉ ሜዳዎች ሩር መምታት የለመደ ወጣት የጃፓን መሐንዲስ ሥልጠና አያሻውም። ነገር ግን ዱላው ሩሯን ሲያገኝ እጅ ምቱን ይቀበላል፤ ለሚቀጥለው ምት ኃይሉን የሚያርመውም በዚያ ነው። በዊ ግን ክንድ አየር ይመታል፤ ምላሹ ቀላል ንዝረት ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ብዙም ሳይቆይ ክንዱን አሳርፎ መቆጣጠሪያውን በአንጓው ብቻ ነቅነቅ ማድረግ ይጀምራል። ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው እንላለን። ለማሸነፍ የመጣ ሰው ጉልበቱን በከንቱ አያባክንምና።

እንቅስቃሴን መለየት ፈጽሞ አልከሸፈም። ኒንቴንዶ በ2015 ባወጣው ስፕላቱን የተባለ ጨዋታ ተጫዋቹ በአውራ ጣቱ በግምት ይዞርና መቆጣጠሪያውን ጥቂት በማዘንበል ዒላማውን ያስተካክላል። እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፤ አዝራሮቹም በቦታቸው አሉ። ለትጉህ ተጫዋች የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው ብለን እናምናለን። መላ አካልን የጠየቀው ኪኔክት ግን በ2014 ከኤክስቦክስ ዋን ተነጥሎ መሸጥ ጀመረ፤ በ2017 ምርቱ ቆመ።

ያገለገለ ኪኔክት በርካሽ አገኘሁ ብሎ ለመግዛት የሚያስብ የጌም ቤት ባለቤት ካለ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን በሜትር ይለካ። ለሁለት ተጫዋቾች ከካሜራው 2.4 ሜትር ያህል መራቅ ይመከራል፤ በብዙዎቹ ቤቶች ይህ የተረኞቹ መቆሚያ ነው።