ስኩተሯን ከኋላ ከመጫንዎ በፊት

ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው አውሮፓ ያሉ ዘመዶችዎን ለመጠየቅ ካሰቡ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ አንድ ነገር ዓይንዎን መሳቡ አይቀርም፤ አልጋው፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያው በውስጡ ያለ ሞተርሆም፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ታዘለ ልጅ የተጫነች ስኩተር።

ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰባት ሜትር የሚረዝም መኪና በጣሊያን የድሮ ከተሞች ጠባብ መንገዶች ውስጥ አይገባም። ዳቦ ለመግዛት በወጡ ቁጥር ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱን ሙሉ ይዞ መሄድም ያታክታል። ስኩተሯ ከዚህ ሁሉ ትገላግላለች። ስለዚህ ከዘመድ ጋር ሞተርሆም ተከራይተው ስኩተር ልጫን ቢሉ ሐሳቡ መልካም ነው። ጥያቄው መኪናው ይችለዋል ወይ የሚለው ነው።

150 ኪሎ እንዴት 225 ይሆናል?

ባለ 125 ሲሲ ስኩተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ትመዝናለች። መሸከሚያው ብረት ሲታከልበት 150 ኪሎ ደረሰ እንበል። አሁን የፈረስ ጋሪ ያስቡ፤ ጭነቱ ከጎማው ኋላ ሲበዛ ጋሪው ወደ ኋላ ይደፋል፣ ፊቱም ይነሳል። ሞተርሆም ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 4 ሜትር ቢኖር፣ ስኩተሯም ከኋላ ጎማው 2 ሜትር ርቃ ብትቀመጥ፣ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚጨመረው ክብደት 225 ኪሎ ነው። ትርፉ 75 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎች ላይ ተነስቶ ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ብዙ ሞተርሆሞች የሚሠሩት እንደ ፊያት ዱካቶ ባሉ፣ የሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ጎማ በሚሄድባቸው መኪናዎች ላይ ነው። ፊቱ ሲቀል ጎማው እርጥብ ዳገት ላይ ባለበት ይሽከረከራል፤ መሪውም እንደ ልብ አይታዘዝም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ የኋላ ጎማ ደግሞ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ሁለት ቁጥሮችን ይወቁ

የመጀመሪያው ጠቅላላ ክብደት ነው። በአውሮፓ በተለመደው የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ የሚነዱት ሞተርሆሞች ወሰን 3,500 ኪሎ ነው። ብዙዎቹ ባዷቸውን ወደ 3,000 ኪሎ ይጠጋሉ። ቤተሰቡ፣ ሻንጣውና ምግቡ ሲገባ፣ 100 ሊትር ውሃም ብቻውን 100 ኪሎ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለስኩተሯ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የኋላ አክስል ብቻውን የሚችለው ክብደት ነው። ሁለቱም መኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል። በግምት አይሂዱ፤ ሰዉም ዕቃውም እንዳለ ሆኖ የምድር ሚዛን ላይ ይውጡ። በቅድሚያ መላውን መኪና፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ያስመዝኑ።

ከመነሳትዎ በፊት

• ስኩተር መጫን እንደሚቻል አከራዩ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

• የብስክሌት መስቀያ ለስኩተር አይሆንም። የስኩተር መሸከሚያ ከቻሲው ጋር መታሰር አለበት።

• ስኩተሯን ከፊትም ከኋላም፣ በግራም በቀኝም በቀበቶ ይጠፍሯት። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ቆመው መላላቱን ይፈትሹ።

• ታርጋው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ እንዳይሸፈኑ። ጣሊያንና ስፔን ከኋላ ለወጣ ጭነት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭና ቀይ ሽንትር ያለው ሰሌዳ እንዲሰቀል ያስገድዳሉ።

• ስኩተሯ የምትገባው ከአልጋው ሥር ባለው የዕቃ ክፍል ከሆነ፣ የቤንዚን ሽታ ልጆች ወደሚተኙበት እንዳይወጣ ክዳኑንና የአየር መውጫውን ይመልከቱ።

• መንጃ ፈቃድዎ ለመኪናውም ለስኩተሯም መሥራቱን አስቀድመው ያጣሩ። የጣሊያን «ቢ» በጣሊያን ውስጥ 125 ሲሲ ያስነዳል፤ የጀርመን «ቢ» ግን ተጨማሪ ሥልጠና ካልተወሰደ ከ50 ሲሲ አያሳልፍም።

ሚዛኑ አልችልም ካለስ? ከሚዛን ጋር አይከራከሩ። ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ኪሎ ብዙም አይበልጡም፤ መስቀያው ከቻላቸው ለገበያና ለሽርሽር ይበቃሉ። ካልሆነም ስኩተሯን እዚያው የሚያርፉበት ከተማ ይከራዩ። ለጥቂት ቀን ኪራይ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ ልጆችዎን ይዞ ዳገት ላይ ከሚንሸራተት መኪና በብዙ ይሻላል።