የካሩራው ቱራኮና የዋታሙው ሬይ

ሃርትላውብ ቱራኮ በኬንያና በአጎራባች አገሮች ደጋማ ደኖች የሚኖር ወፍ ነው። በናይሮቢ የሚታየው በካሩራ ደንና ዛፍ በበዛባቸው ሰፈሮች ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ኢምባካሲ ሜዳማ በመሆኑ አይመቸውም። የቅርብ ዘመዱ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ነው። ባለ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይ ደግሞ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ፎርስኮል የተባለው ተመራማሪ ከቀይ ባሕር ያገኘውን ይህን ዝርያ የሚገልጸው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1775 ታተመ። ዓሣው በኬንያ ጠረፍ ባሉ የኮራል ሪፎችም ይገኛል፤ ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለለው የዋታሙ የባሕር ፓርክ ነው።

ሁለቱ በመጠን ብዙም አይራራቁም። ቱራኮው ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ የሬዩ ገላ ወርድ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም ሰፊ ክንፍ ያላቸው ይመስላሉ። የወፉ ክንፍ አጥንትና ላባ ነው፤ የሬዩ ግን በልም አጥንት የተደገፈ የደረት መቅዘፊያ ነው። ቱራኮ ብርቱ በራሪ አይደለም፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየሮጠ ፍሬ ይለቅማል። ሬዩ የመቅዘፊያውን ጠርዝ እንደ ማዕበል እያወዛወዘ ይዋኛል፤ አሸዋ ላይ ሲተኛም ከዓይኖቹ ኋላ ባሉ ቀዳዳዎች ውሃ ስቦ ወደ ስንጥቦቹ ያደርሳል። ምግቡ ሸርጣን፣ ትልና ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት ናቸው።

ትልቁ ልዩነታቸው ቀለማቸው ነው። የቱራኮ ገላ አረንጓዴ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ታጥፎ የነበረው ደማቅ ቀይ ይገለጣል። ቀዩን የሚሰጠው ቱራሲን፣ አረንጓዴውን የሚሰጠው ቱራኮቨርዲን ይባላል፤ ሁለቱም መዳብ አለባቸው። ቱራሲን አልካላይ ባለው ውሃ ይሟሟል። እንዲህ ያለ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም በወፎች ዘንድ ብርቅ ነው፤ የበቀቀን አረንጓዴ እንኳ የቢጫ ቀለምና ብርሃን የሚበትን የላባ አሠራር ጥምር ውጤት ነው።

በሬዩ ነጠብጣቦች ውስጥ ግን ሰማያዊ ቀለም የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆዳው ሴሎች ጥቃቅን ክሪስታል የያዙ እንክብሎች አሏቸው። እነዚህ ሰማያዊውን ብርሃን ሲያንጸባርቁ፣ አብሯቸው ያለው ጥቁር ሜላኒን የቀረውን ይውጣል።

በመራባትም ይለያያሉ። ቱራኮ ከጭራሮ በሠራው ጎጆ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ወንዱም ሴቷም ይታቀፋሉ። ሬይ ግን ፅንሶቿን በሆዷ አሳድጋ እስከ ሰባት ግልገል ትወልዳለች። ግልገሎቹ ከተወለዱ በኋላ የሚንከባከባቸው ወላጅ የለም፤ ራሳቸውን የሚከላከሉት ጅራታቸው ላይ ባለው መርዛም እሾህ ነው።