ተደባዳቢው ዓሣ እንዴት ይራባል? ቤታን በኢምባካሲ አፓርታማ ውስጥ ማራባት ምን ይጠይቃል?

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ኢምባካሲ ኑሮ ወደ ላይ የተደራረበ ነው። እርስ በርስ ተጠጋግተው በቆሙት የኪራይ ፎቆች ውስጥ ውሻ ማሳደግ ለብዙዎች የማይታሰብ ሲሆን፣ ለአንዲት ትንሽ የመስታወት ገንዳ የሚሆን የጠረጴዛ ጥግ ግን አይጠፋም። ባለረጅም ክንፉና ደማቅ ቀለሙ ቤታ ዓሣ እንዲህ ላለው ቤት የተፈጠረ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

አንድ ቤታ ማኖር ቀላል ነው። ማራባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወንዱና ሴቷ ያለ ዝግጅት በአንድ ገንዳ ከተገናኙ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ አንዳቸው ሊሞቱ ይችላሉ። እንቁላሉ ቢፈለፈል እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያልቁ ይችላሉ። ለመሆኑ ችግሩ ከምን ይመነጫል? መፍትሔውስ?

ለጠብ የተመረጠ ዓሣ

የቤታ የትውልድ ስፍራ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በታይላንድና በአጎራባች አገራት የሩዝ ማሳዎች፣ ረግረጋማ ቦታዎችና ቀስ ብለው በሚፈሱ ውኃዎች ውስጥ ይኖራል። ታይላንዳውያን "ፕላ ካት" ይሉታል፤ ትርጉሙም ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። ዛሬ የሚጠራበትን "ቤታ ስፕሌንደንስ" የተሰኘ ሳይንሳዊ ስም እአአ በ1910 የሰጠው እንግሊዛዊው የዓሣ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሬገን ነበር። የታይላንድ መንግሥት ደግሞ እአአ በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል።

እአአ በ2022 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት የሰው ልጅ ይህን ዓሣ ማላመድ ከጀመረ ቢያንስ 1,000 ዓመት እንደሚሆን አመልክቷል። በዚህ ረጅም ዘመን ወንዶቹ ለውጊያ እየተመረጡ ሲራቡ ኖረዋል። በዱር ተሸናፊው ሸሽቶ ያመልጣል፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለም።

ቤታ ከስንጥቡ በተጨማሪ ከውኃው ወለል በላይ ያለውን አየር በቀጥታ መተንፈስ የሚያስችል "ላቢሪንት" የሚባል አካል አለው። ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ውስጥ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ተሰጥዖው ግን ለጉዳት ዳርጎታል፤ በብርጭቆ ውኃ መኖር የሚችል ዓሣ ተደርጎ እንዲታይ አድርጎታልና። በጠባብና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የከረመ ዓሣ በሕይወት ቢቆይ እንኳ ለመራባት የሚያበቃ አቅም አይኖረውም።

ከጥንዶቹ በፊት ውኃው

ናይሮቢ በምድር ወገብ አቅራቢያ ብትገኝም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ሌሊቱ ይበርዳል። ቤታ ለመራባት ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ፣ የማይዋዥቅ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ቴርሞሜትር የግድ ናቸው። ከናይሮቢ ይበልጥ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ላለ አርቢ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ አሳሳቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የውኃው ምንጭ ነው። የናይሮቢ የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የታከመ ነው። ክሎሪን ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ በማሳደር ሊተን ይችላል። ክሎራሚን የተጨመረበት ውኃ ግን በማሳደር ብቻ ስለማይጠራ ከዓሣ መሸጫዎች የሚገኝ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ሕንጻዎች የጉድጓድ ውኃ ይጠቀማሉ፤ ሌሎችም በጀሪካን ይገዛሉ። የናይሮቢ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ እንዳለው ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ጎጂ የሚሆነው የውኃው ዓይነት በድንገት ሲለወጥ ነው። አርቢው አንድ ምንጭ መርጦ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን አስቀድሞ ማጠራቀም ይኖርበታል።

ለማራቢያ ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቂ ነው። ውኃው ግን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ጥልቀት ቢኖረው ይመረጣል፤ አባትየው የወደቁትን እንቁላሎች ለቅሞ ወደ ላይ ለመመለስ ይቀለዋል። በገንዳው ታች ጠጠር አይነጠፍም፤ እንቁላሉ በመካከሉ ይጠፋልና። ለጎጆው መደገፊያ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም ሰፊ ቅጠል ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ለሴቷ መደበቂያ የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል ያስፈልጋል። ውኃውን የሚያናውጥ ኃይለኛ ማጣሪያ የአረፋውን ጎጆ ስለሚበትን በዚህ ጊዜ አይመከርም።

ጥንዶቹን መምረጥ

ወጣትና ጤናማ ዓሦች የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ከ4 ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው ዕድሜ ተመራጭ ነው። በመሸጫ ያሉ ባለረጅም ክንፍ ወንዶች ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። በመጠን ተቀራራቢ ቢሆኑ፣ ሴቷም እጅግ አነስተኛ ባትሆን ይመረጣል።

ሁለቱ ለየብቻቸው ሆነው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ይቀለባሉ። የትንኝ እጭ፣ ዳፍኒያና የቀዘቀዙ ትላትሎች ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ለትንኝ እጭ ብሎ ውኃ የሚያቁር ሰው ግን እጩ ወደ ትንኝነት ሳይለወጥ በየዕለቱ ሊጨልፈው ይገባል፤ አለበለዚያ ጎረቤቱን ሁሉ ለትንኝ ይዳርጋል።

ዝግጁነትን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ወንዱ በውኃው ወለል ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። የሴቷ ሆድ ሞላ ይላል፤ በሰውነቷ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሰረዞች ይወጣሉ፤ ከሆዷ ሥርም ነጭ ነጥብ ይታያል።

የማገናኛው ሰዓት

ሴቷን በቀጥታ ወደ ወንዱ ገንዳ መጣል ትልቁ ስህተት ነው። መጀመሪያ ከላይና ከታች በተቆረጠ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሆና ወደ ገንዳው ትገባለች። ይተያያሉ፤ መነካካት ግን አይችሉም። ወንዱ ክንፉን እየዘረጋ ጎጆውን ሲያሰፋ፣ ሴቷም በፍርሃት ከመራወጥ ይልቅ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ስትቀርበው የመለቀቂያዋ ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ይህ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ከተለቀቀች በኋላ ማሳደድና መጠነኛ የክንፍ መቀደድ የተለመደ ነው። ሴቷ ጥግ ይዛ መንቀሳቀስ ካቃታት ወይም አካሏ ከቆሰለ ግን ወዲያውኑ መለየት አለባት። ሙከራውን ከሳምንታት በኋላ መድገም ይቻላል።

ሲስማሙ ወንዱ ከጎጆው ሥር ሰውነቱን በሴቷ ላይ ይጠመጥማል። እንቁላሎቹ ወደ ታች ሲወርዱ በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ይከትታቸዋል። ይህ ለሰዓታት የሚደጋገም ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ሊገኝ ይችላል። ሲጠናቀቅ ወንዱ ሴቷን እንደ ጠላት ማየት ስለሚጀምር በፍጥነት ወደ ሌላ ገንዳ ትዛወራለች።

ከዚህ በኋላ ጥበቃው የአባት ብቻ ነው። እንቁላሎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ጅራታቸውን ወደ ታች አድርገው ከጎጆው ይንጠለጠላሉ፤ የሚወድቁትን አባት ያነሳቸዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ጎን መዋኘት ሲችሉ እሱም ይለያል፤ ካልተለየ ሊበላቸው ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የጫጩቶቹ አፍ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ የተፈጨ የዓሣ መኖ እንኳ አይመጥናቸውም። የመጀመሪያ ምግባቸው በዓይን የማይታዩ ደቂቅ የውኃ ነፍሳት ናቸው። እነዚህን ለማግኘት ከገንዳ በተቀዳ ውኃ ውስጥ የሰላጣ ቅጠል ጨምሮ ለቀናት ማስቀመጥ ይበቃል። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ዓሦቹ ከመገናኘታቸው በፊት ነው። ከቀናት በኋላ በጨው ውኃ የሚፈለፈሉት የአርቴሚያ ጫጩቶች ይከተላሉ።

ላቢሪንት የሚባለው አካል በውልደት ጊዜ የተሟላ አይደለም፤ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ጫጩቶቹ አየር መተንፈስ ሲጀምሩ ከውኃው በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ይጎዳሉ። ስለዚህ ገንዳው ዘወትር መከደን አለበት። መብራት ሲቋረጥ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ ይረዳል። ውኃውም በጥቂት በጥቂቱ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውኃ ይቀየራል።

መቶ ጫጩት፣ ሃምሳ ዕቃ

ስኬትም የራሱ ጣጣ አለው። 100 ጫጩቶች ቢያድጉና ግማሾቹ ወንድ ቢሆኑ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ መጣላት ሲጀምሩ 50 የተለያዩ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ሙቅ ውኃና የዘወትር ጽዳት ይሻል። በአንድ ክፍል ቤት፣ ውኃ በጀሪካን እየተገዛ፣ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

የተረፉትን ወደ ወንዝ መልቀቅ መፍትሔ አይሆንም። በኢምባካሲ በኩል የሚያልፈው የንጎንግ ወንዝ ከናይሮቢ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አቲ ወንዝ ይገባል። በሰሜን አውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ አቅራቢያ በአደሌይድ ወንዝ አካባቢ ቤታ ከትውልድ ስፍራው ርቆ በዱር ተራብቷል። ምሥራቅ አፍሪካም እአአ በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች በአገር በቀል ዓሦች ላይ ያደረሰውን ጥፋት ታውቃለች።

በመሆኑም ጥንዶቹን ከማገናኘት በፊት የሚረከቧቸውን ሰዎችና መሸጫዎች መለየት፣ ካልተገኙም ማራባቱን ማቆየት ይገባል። አንድን ቤታ ሙቅና ንጹሕ በሆነ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ለብቻው ማኖርም በራሱ የተሟላ እንክብካቤ ነው።