የተሰወረ ሜዳ በግልጽ መዝገብ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከወልድያ ተነሥቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ማሽላው ከታጨደ በኋላ የራያን ቆላ ሲመለከት «ይህስ አውሮፕላን ያሳርፋል» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ሜዳ ብቻውን አይበቃም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ከፍ ያለች፥ ሙቀትም የሚበረታባት አገር ናት። ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሱታል፤ አየሩ ሲሳሳም አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለትልልቅ አውሮፕላኖች የሚሠራው ማኰብኰቢያ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ይህን የሚያህል ቀጥ ያለ መሥመር በምድር በአጥር ቢከለል፥ ከሰማይ ዓይን ግን አይሰወርም።

የራያ አካባቢ ይህን በመከራ ተምሮታል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከዚሁ ቆላ በላይ በምትገኘው በኮረም፥ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያበርሩት የነበረው የቀይ መስቀል አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። የቦታው ሩቅነትም ሆነ የተሸከመው ምልክት አላዳነውም።

ከነፃነት በኋላ እኒሁ ሰው የኢትዮጵያን አየር ኀይል ካደራጁት አንዱ ሆኑ፤ የኀይሉም ዋና ሰፈር በቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ ተቋቋመ። ዛሬ የዓለም አቀፉን የአየር ማረፊያዎች መለያ ዝርዝር የሚገልጥ ሰው ሐረር ሜዳን «ኤች.ኤ.ኤች.ኤም.» በሚል ምልክት ተመዝግቦ ያገኘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ኢትዮጵያን ያመለክታሉ፤ የላሊበላም ምልክት የሚጀምረው በእነርሱ ነው።

የጦር ሜዳ በግልጽ መዝገብ ስለ ምን ይጻፋል? እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ቃል ኪዳን የጦር አውሮፕላኖችን በሕጉ ሥር አያስገባም። ሆኖም አንቀጽ 9 መንግሥታት ለጦር ጉዳይ ወይም ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ ሰማያቸውን እንዲከለክሉ ሲፈቅድ፥ የተከለከለውን ሥፍራ ለሌሎቹ አባል መንግሥታትና ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንዲያስታውቁ ያዛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አብራሪው ያላወቀውን ክልክል ሊያከብር አይችልም። ሞተሩ የታወከበት ወይም ማዕበል የያዘው አብራሪም በአቅራቢያው ያለውን ማኰብኰቢያ ማወቁ የመንገደኞቹ ሕይወት ነው።

በአሜሪካ ኔቫዳ የሚገኘው ግሩም ሌክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የተፈተነበት ይህ ሜዳ ለብዙ ዘመን በይፋ ስሙ አይጠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ግን «ሆሚ» በሚል ስምና «ኬ.ኤክስ.ቲ.ኤ.» በሚል ምልክት በአብራሪዎች የመረጃ መዝገብ ታየ። የስለላው ድርጅት ሰነዶች ተለቀው ነገሩ በይፋ የታመነው ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መዝገቡ ከመግለጫው ቀደመ ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ የአርባ ምንጭን ነገር እናስታውስ። አየር ማረፊያው በመዝገብ የታወቀ የሲቪል ሜዳ ነው። የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከዚያ ይነሡ እንደ ነበር ግን የተሰማው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በጋዜጣ ነው፤ ሥራው ማቆሙም በ2008 ዓ.ም. ተነገረ። መዝገቡ ሜዳውን እንጂ በሜዳው የሚሠራውን አልተናገረም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ የአየር ማረፊያ ምስጢር በሥፍራው ሳይሆን በሥራው መሆኑን ነው። ምን ዓይነት አውሮፕላን፥ ስንት፥ መቼ፥ ወዴት የሚለው ሊጠበቅ ይገባዋል። ባዕድ ከሰማይ ሆኖ የሚያየውን ማኰብኰቢያ ከገዛ አገራችን አብራሪ መሰወር ግን ጠላትን አይጎዳም፤ ወገንን ለአደጋ ያጋልጣል እንጂ። በየመሥሪያ ቤቱ «ምስጢር» የሚል ማኅተም በእጃችን የሚገኝ ሁሉ፥ ማኅተሙን በወረቀቱ ላይ ከማሳረፋችን በፊት «ይህን የምሰውረው ከማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።