የግሪንሃውስ ምድጃ ነፍሱ ጭስ ማውጫው ነው

በእንግሊዝ አገር ጓሮ አልሚዎች የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ የሚያፈሉት ክረምቱ ሳይወጣ፣ በየካቲት ነው። ውጭው ውርጭ ነው። ግሪንሃውሱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው መስታወት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስወጣው ያድራል። ብዙዎች ታዲያ ትንሽ የብረት ምድጃ ገዝተው እንጨት ለማንደድ ያስባሉ። አማርጠው የሚገዙት ምድጃውን ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው።

ጭስ ማውጫ ጭስ የሚሾልክበት ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ለእሳቱ አየር የሚስብለት እሱ ነው። 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የውጭ አየር በሜትር ኪዩብ 1.27 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቱቦው ውስጥ 200 ዲግሪ የደረሰው ደግሞ 0.75 ገደማ። ቀላሉ ሽቅብ ሲወጣ ከባዱ በምድጃው አፍ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። በ3 ሜትር ቱቦ ይህ ልዩነት 15 ፓስካል አካባቢ ግፊት ይፈጥራል፤ የከባቢ አየር ግፊት ከሰባት ሺህ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ምድጃው የሚሠራው በዚህች ብቻ ነው። ጭሱ ወደ 100 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከ10 ፓስካል በታች ይወርዳል፤ ያኔ የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ ለመኖሪያ ቤት ምድጃ 4.5 ሜትር ያህል የቱቦ ቁመት ይጠቁማል፤ የጓሮ ግሪንሃውስ ግን ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አብዛኛው ቱቦ ከጣሪያው በላይ ለብርድና ለነፋስ ተጋልጦ ይቆማል። ባለ አንድ ግድግዳ ከሆነ ጭሱ እላይ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ቅጥራንም በቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ያ ቅጥራን አንድ ቀን በእሳት ይያያዛል። መፍትሔው በሁለት የማይዝግ ብረት ግድግዳዎች መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ የማዕድን ሱፍ የተጠቀጠቀበት ቱቦ ነው። ውድ ነው፤ ግን ምትክ የለውም።

ቱቦው ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ ገጹ ከ300 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ተራ መስታወት ደግሞ በሞቀውና በቀዘቀዘው ጎኑ መካከል 40 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲፈጠር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ፖሊካርቦኔት በ150 ዲግሪ ግድም ይለሰልሳል፤ የፕላስቲክ ሽፋን ከዚያም ቀድሞ ይቀልጣል። ስለዚህ መስታወቱን መብሳት አይታሰብም። አንዱ መስታወት ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በምትኩ ላሜራ ይገባል፤ ቱቦው በላሜራው መሐል ያልፋል፤ ዙሪያው ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ጎማ ይደፈናል። የቱቦውን ክብደት ቀጭኑ የአሉሚኒየም ፍሬም ሊሸከም አይገባም፤ መሬት ላይ በተተከለ የብረት ቋሚ ይያዛል። ቱቦዎቹ ሲገጣጠሙም የላይኛው ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ቅጥራኑ በውጭ ሳይንጠባጠብ ወደ ምድጃው ይወርዳል።

ጭስ ካመለጠ ሁለት ጠላት ይመጣል። አንዱን በከሰል ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ችግኙን የሚጎዳው ኢትሊን የተባለው ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ ሙከራ ያበቀላቸው የአተር ቡቃያዎች ለምን ወደ ጎን እንደሚያድጉ ሲመረምር፣ ምክንያቱ በመብራት ጋዝ ውስጥ ያለው ኢትሊን ሆኖ አገኘው። በደንብ ያልነደደ እንጨትም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። አገራችን ውስጥ ነጋዴዎች አረንጓዴ ሙዝ ዝግ ክፍል ውስጥ በኬሮሲን ጭስ ሲያበስሉም ሥራውን የሚሠራው ይኸው ኢትሊን ነው። ለሙዙ ጥቅም ነው፤ የቲማቲም ቅጠል ግን ቁልቁል ይጠማዘዛል፣ አበባም ሳይፈካ ይጠወልጋል።

ለዚህ ነው እሳቱ እስከ ንጋት እንዲቆይ ብሎ ማታ የምድጃውን አየር መዝጋት ከሁሉ የከፋው ልማድ የሚሆነው። የታፈነ እሳት ቱቦውን ያቀዘቅዛል፣ መርዙንም ያበዛል። በደረቅ እንጨት ማታ አጥብቆ አንድዶ ሙቀቱን በውሃ በርሜል ማስቀመጥ ይሻላል፤ 200 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይለቃል። ከምድጃው አጠገብም ዝቅ ያለ የአየር መግቢያ ይተው፤ ለብርድ ተብሎ አይደፈን።

ገንዘብ ለጥሩ ምድጃም ለጥሩ ቱቦም የማይበቃችሁ አንባቢዎች አነስተኛ ምድጃ ግዙ፤ ባለ ሁለት ግድግዳውን ቱቦና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግን አትተዉ።