ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ ወይስ ድሮፕቦክስ?

ፋይል በኢንተርኔት ለማስቀመጥ በነጻ የሚሰጠው ቦታ ለጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት፣ ለዋንድራይቭ 5፣ ለድሮፕቦክስ 2 ነው። የጉግሉን 15 ግን ጂሜይልና ፎቶዎችም ይጋሩታል፤ ፎቶ ከሞላው ኢሜይል መግባቱንም ያቆማል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ ከቦታው ስፋት ይልቅ ፋይሉ የሚጫንበት መንገድ ይበልጣል። ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ትልቅ ፋይል በጥቂቱ ሲስተካከል የተለወጠውን ክፍል ብቻ መላክ ይችላሉ። ብዙ ሰው አንድ ሰነድ ላይ አብሮ እንዲጽፍ ከተፈለገ ግን ጉግል ዶክስን የሚያህል ቀላል ነገር የለም። ሥራው ሁሉ በወርድና በኤክሴል ለሆነ ቢሮ ዋንድራይቭ ይስማማል።

ፋይል ለሌላ ሰው ሲጋራ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው ምርጫ አደገኛ ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ከተላለፈ የደመወዝ ዝርዝርን ሳይቀር ማንም ይከፍተዋል። የሥራ ፋይል በተቀባዩ ኢሜይል ቢጋራ ይሻላል፤ ሠራተኛው ሲለቅ የእሱን ፈቃድ ብቻ ለይቶ መሰረዝ ይቻላል።