ሸክሙን የተሸከመ ይክሰስ

ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የአንድ ፋብሪካ የግዢ ክፍል ጠዋት ኢሜይሉን ሲከፍት የሚጠብቀው የተለመደ ነው። ዕቃ አስተላላፊ ነኝ ባዩ፣ የጄኔሬተር መለዋወጫ ሻጩ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ጋባዡ ሁሉም ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ግን አልተጠሩም። በመሃላቸው ከጅቡቲ የተላከ የጭነት ሰነድ አለ። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ማጣሪያ ጠበቅ ካለ ያንን ሰነድም ከማስታወቂያው ጋር አብሮ አይፈለጌ ወደሚባለው ማኅደር ይወረውረዋል፤ ኮንቴይነሩ ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። «ማጣሪያ እያለ ማስታወቂያ ላኪውን መክሰስ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሰዎች የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ማጣሪያ ወጪ አለው፣ ይሳሳታልም፤ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ማስታወቂያውን የላከው ሰው አይደለም።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ አስቦ ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ ኢሜይል ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ ጽኑ እስራቱ 5 ዓመት፣ መቀጮው 50,000 ብር ይደርሳል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ለእኔ እንደሚታየኝ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ወንጀል ስለሆነ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ ጉዳዩም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። በቀን አሥር ማስታወቂያ የሚደርሰው የዱከም ነጋዴ ለእያንዳንዷ መልእክት ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ ቢሄድም የደረሰበት ጉዳት በገንዘብ ሲተመን ከትራንስፖርቱ ያንሳል። ጉዳቱ ተጠራቅሞ ትልቅ የሚሆነው መልእክቶቹ ሁሉ በሚያልፉበት በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ነው። አዋጁ ግን አገልግሎት ሰጪውን ወንጀል ሲያውቅ እንዲያሳውቅ አስገድዶት ከሳሽነቱን ሳያነሣ ያልፋል።

አሜሪካኖች መንገዱን የጀመሩት ከዚህ በተቃራኒ ነው። ኮምፑሰርቭ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ሳይበር ፕሮሞሽንስ የተባለውን የኢሜይል ማስታወቂያ ላኪ ኦሃዮ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲከስ ስለ ኢሜይል ማስታወቂያ የወጣ የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ኩባንያው በመጀመሪያ እንዲያቆሙ ነገራቸው፤ ቀጥሎ ሊያጣራ ሞከረ፤ እነርሱ የላኪውን አድራሻ እያስመሰሉ ማጣሪያውን አለፉት። በመጨረሻ በንብረቴ ላይ ያለ ፈቃዴ ገብታችኋል ብሎ ከሰሰ፣ በየካቲት 1997 እ.ኤ.አ. የእግድ ትእዛዝ አገኘ። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው የተጨናነቀውን የሰርቨር አቅምና በመልእክቱ ተማረው የሚሄዱትን ደንበኞች ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ የመክሰስ መብቱን ለአገልግሎት ሰጪዎች በግልጽ ሰጠ፤ ተራው ተቀባይ ግን በዚያ ሕግ መክሰስ አይችልም።

እኛም አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል፤ ቁጥር 2035 ደግሞ በግልጽ የተደነገገን ሕግ መጣስን ራሱን እንደ ጥፋት ይቆጥራል። አንቀጽ 15 የተጣሰበት አገልግሎት ሰጪ የሚቀረው ጉዳቱን በሰነድ ማስረዳት ነው።

«ተፈርዶስ ማን ይከፍላል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እርዝሊንክ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ በ2003 እ.ኤ.አ. ማስታወቂያ በሚልክ በአንድ የኒውዮርክ ሰው ላይ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈርዷል፤ ከአንድ ግለሰብ ያን ያህል ገንዘብ ይሰበሰባል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው። ሆኖም ሥራውን የሚሠራው ገንዘቡ ሳይሆን እግዱ ነው፤ ደግሞም ለፋብሪካዎቻችን ሥልጠናና መለዋወጫ የሚሸጠው ላኪ ንግድ ፈቃዱም ባንክ ሒሳቡም እዚሁ ነው። ባሕር ማዶ ላለው አጭበርባሪ መድኃኒት አለኝ አልልም። አነስተኛ ነጋዴዎች አፋቸው ይዘጋል የሚለው ስጋትም በአዋጁ መልስ አግኝቷል፦ ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከገለጸ፣ ተቀባዩም በቀላሉ «አልፈልግም» የሚልበት መንገድ ካለው አይቀጣም።

ክርክሬ የሚሰናከለው ስልክ ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ማስታወቂያ የሚደርሰው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ አንቀጽ 15 ግን ስለ ኢሜይል ይናገራል፣ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 2 በማመሳሰል ወንጀል መፍጠርን ይከለክላል። በዚያ ላይ ከጅምላ መልእክት ክፍያ የሚሰበስብ ኦፕሬተር ላኪውን ይክሰስ ማለት አከራይ ደህና ከፋይ ተከራዩን ያስወጣ እንደማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ የመክሰስ መብቱ ሸክሙን ተከትሎ ወደ ደንበኛው መዞር አለበት፤ ደንበኞችን ወክሎ የሚቆም አካል ከተፈለገም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

የኢሜይል ጉዳይ ይዘው ለሚመጡ ድርጅቶች ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት የቀን ጉዳይ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው ይርጋ 2 ዓመት ነው። አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን እንዲያቆይ የሚገደደው ግን ቢያንስ ለ1 ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ክስ የሚያቀርብ ሰው መብቱ ሳይነካ ማስረጃው ተሰርዞ ሊያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ ዳታው ተጠብቆ እንዲቆይ የሚጠይቀው ደብዳቤ ከክሱ ቀድሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጻፍ አለበት።